ናደን ሃርበር፣ ጁላይ 2020፦ የሳልመን ወቅቱን ለመክፈት ይሁንታው የማን ነው?

የሰሜን ፓሲፊክ በጋ ከእኛ ክረምት ጋር የሚገጥም ነው፤ አጭርም ነው። በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ለዓሣ አስጋሪ እንግዶች ሎጅ ያቋቋመ ሰው ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ባሉት መቶ ያህል ቀናት ውስጥ የዓመቱን ገቢ መሰብሰብ፣ የዓመቱን ወጪ መሸፈን፣ ከዚያም ጀልባዎቹን ከውኃ አውጥቶ መቆለፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ-19 በረራና ድንበር በዘጋ ጊዜ ከእነዚህ ቀናት ብዙዎቹ ያለ እንግዳ አለፉ። ቀሪዎቹን ለማትረፍ የተደረገው ሙከራ በሃይዳ ግዋይ ደሴቶች ላይ ያስነሣው ውዝግብ፣ ላይ ላዩን ሲታይ የጤና ጥንቃቄ ጉዳይ ቢመስልም፣ ወደ ውስጥ ሲገቡበት የፈቃድ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን አንድ ወቅት ነው።

ሃይዳ ግዋይ ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት ዋና መሬት በሄካት ባሕረ ሰርጥ የተለየ ከ150 በላይ ደሴቶች ያሉት ስፍራ ነው። ከፕሪንስ ሩፐርት ወደብ ተነሥቶ በመርከብ ለመድረስ ሰባት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በ2016ቱ ቆጠራ ነዋሪው 4,200 ያህል ነበር፤ ከዚህም ግማሽ የሚሆነው የደሴቶቹ ነባር ሕዝብ የሆነው የሃይዳ ተወላጅ ነው። ከደሴቶቹ ትልቁ ግራሃም ሲሆን፣ ሰሜናዊ ዳርቻው ዲክሰን ኢንትራንስ በሚባለው ሰፊ ውኃ በኩል ከአላስካ ጋር ይፋጠጣል። ናደን ሃርበር ወደዚሁ ውኃ የሚከፈት፣ መኪና የሚደርስበት መንገድ የሌለው የባሕር ገባ ነው፤ የውዝግቡ መነሻ የሆነው ኩዊን ሻርሎት ሎጅ የሚገኘውም እዚያ ነው።

ስሙ ላይ ጥቂት መቆም ይገባል። በ1787 ጆርጅ ዲክሰን የተባለው እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ደሴቶቹን በመርከቡ በኩዊን ሻርሎት ስም ጠራቸው፤ መርከቧም የተሰየመችው በንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ባለቤት ነበር። በ2010 ክፍለ ግዛቱ ደሴቶቹ ሃይዳ ግዋይ፣ ማለትም የሃይዳ ሕዝብ ደሴቶች፣ ተብለው እንዲጠሩ በሕግ ሲደነግግ፣ ሃይዳዎች አሮጌውን ስም ከአንድ ሳንቃ ታጥፎ በሚሠራ ባህላዊ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አድርገው ለክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በሥነ ሥርዓት መለሱለት። ደሴቶቹ ስሙን ሲመልሱ ሎጁ ይዞት ቀረ። ይህን የምጠቅሰው የሎጁን ባለቤቶች ለመክሰስ አይደለም፤ የንግድ ስም የንግድ ስም ነው። ነገር ግን በ2020 ሁለቱ ወገኖች ስለ አንድ ቦታ ሲነጋገሩ የቦታውን ስም እንኳ በአንድ አፍ የማይጠሩ መሆናቸው የኋላውን ለመረዳት ይረዳል።

ሎጁ የሚሸጠው ምንድን ነው? በአጭሩ፣ መራቅን ይሸጣል። እንግዳው ከቫንኩቨር በቻርተር አውሮፕላን ተነሥቶ በግራሃም ደሴት ባለችው ትንሽ ከተማ፣ ማሴት፣ ላይ ያርፋል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ በሄሊኮፕተር ጫካውን ተሻግሮ ሎጁ ደጃፍ ይወርዳል። ለሦስትና ለአራት ቀን ቆይታ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ማለዳ ወፍራም የዝናብ ቱታ ለብሶ ከአስጎብኚው ጋር በትንሽ ጀልባ ይወጣና፣ ጭንቅላቱ በሰያፍ ተቆርጦ የተጣለ ሄሪንግ የሚባል ትንሽ ዓሣ እሾኽ በሌለው መንጠቆ ላይ ሰክቶ ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ እንዲጎተት ያደርገዋል። የዚያ ጠረፍ ማጥመጃ ዘንግ ረጅምና ተለማጭ ነው፤ የክሩ መጠቅለያም ዓሣው ሲሮጥ እጀታው አብሮት ወደኋላ የሚዞር ዓይነት በመሆኑ፣ ጣቱን ቶሎ ያላሸሸ ጀማሪ የጣቱን አንጓ ይመታል። የሚፈለገው ቺኑክ ሳልመን ነው፤ ከ30 ፓውንድ፣ ማለትም ከ13 ኪሎ ተኩል በላይ ሲመዝን ታዪ ይባላል፤ ቃሉ በጠረፉ ነጋዴዎችና ነባር ሕዝቦች መካከል መግባቢያ ከነበረው የቺኑክ ቅይጥ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ አለቃ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ሲረጋ ተራው የሃሊበት ነው። ለዚህ ዓሣ በአማርኛ ስም የለንም፤ በባሕሩ ወለል ላይ ተኝቶ የሚኖር፣ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ በቀኝ ጎኑ ያሉ ዓሣ ነው። ሲፈለፈል እንደማንኛውም ዓሣ ቀጥ ብሎ ይዋኛል፤ ገና ጫጩት ሳለ ግን የግራ ዓይኑ በግንባሩ በኩል ወደ ቀኝ ይሻገርና ግራ ጎኑ ነጭ ሆድ ይሆናል። እንስቶቹ ከወንዶቹ እጅግ ይበልጣሉ፤ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝኑም አሉ። አስጋሪው ከባድ እርሳስ ያንጠለጠለ መንጠቆ ሰማንያና መቶ ሜትር ድረስ ይለቅና ይጠብቃል፤ ሃሊበት ሲይዝ የሚሰማው ከባሕር ወለል የተነቀለ በር እንደመጎተት ያለ ድፍን ክብደት ነው። ዓሣው ከጀልባው ጎን ሲደርስ አስጎብኚው መጀመሪያ የሚያወጣው መለኪያውን ነው፤ ከተፈቀደው ርዝመት የሚያልፍ ከሆነ መንጠቆውን ነቅሎ ይለቀዋል፤ እንዲህ የሚለቀቁት ትላልቆቹ ባመዛኙ እንቁላል ጣዮቹ እንስቶች ናቸው። የተያዘው ማታ በፊሌቶ ተቆራርጦ፣ አየሩ ተስቦ ታሽጎና በረዶ ሆኖ ከእንግዳው ጋር በካርቶን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በዚያ ካርቶን ውስጥ ያለው ዓሣ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ ቀላል አይደለም። በሃይዳ ግዋይ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚያዘው ቺኑክ አብዛኛው የደሴቶቹ ልጅ አይደለም፤ እንደ ስኪና፣ ፍሬዘርና ኮሎምቢያ ወዳሉ ወንዞች ሊራባ የሚመለስ መንገደኛ ነው። ሃሊበቱን ደግሞ አሜሪካና ካናዳ በ1923 ስምምነት ባቋቋሙት ኮሚሽን አማካይነት ይካፈሉታል፤ ከካናዳ ድርሻ ውስጥ 85 በመቶው ለንግድ አስጋሪዎች፣ 15 በመቶው ለመዝናኛ አስጋሪዎች እንዲሆን ከ2012 ጀምሮ ተወስኗል። የማስገሪያ ፈቃዱን የሚሰጠው በኦታዋ ያለው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የየብሱን መሬት የሚያከራየውና በወረርሽኝ ጊዜ ጉዞን የሚገድበው መቀመጫው በቪክቶሪያ ከተማ የሆነው የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ነው። የሃይዳ ብሔር ምክር ቤት ደግሞ መሬቱም ባሕሩም ለማንም አሳልፈን ያልሰጠነው የራሳችን ነው ይላል፤ ይህንኑም በ2002 ክስ መሥርቶ ለክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቅርቧል። የሎጁ ወረቀቶች በኦታዋም በቪክቶሪያም ፊት የተሟሉ ነበሩ። ከሦስተኛው ወገን የተሰጠ ወረቀት ግን አልነበረውም፤ እስከዚያ በጋ ድረስም ያን ወረቀት አምጣ ብሎ ሊያስገድደው የቻለ ወገን አልነበረም።

በማርች 2020 የሃይዳ ብሔር ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ አውጆ ደሴቶቹን ለጎብኚ ዘጋ። ኦልድ ማሴትና ስኪደጌት በተባሉት ሁለቱ የሃይዳ መንደሮች መግቢያ ላይ ኬላ ቆመ። ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያሻም፤ በደሴቶቹ ላይ ያሉት ሁለት አነስተኛ ሆስፒታሎች ናቸው፤ የጠና ሕመምተኛ በአውሮፕላን ወደ ዋናው መሬት ይወሰዳል፤ የአየሩ ጠባይ ደግሞ ሁልጊዜ በረራ አይፈቅድም። የሃይዳን ቋንቋ አፍ የፈቱበት ሰዎች በአብዛኛው አዛውንት በመሆናቸው፣ አንድ አረጋዊ ሲሞት አብሮ የሚቀበረው ቀላል አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ትዝታው ነው። በ1862 የጸደይ ወራት ከሳን ፍራንሲስኮ በመጣ መርከብ ፈንጣጣ ቪክቶሪያ ከተማ ገባ። በከተማዋ ዙሪያ ሠፍረው ይነግዱና ይሠሩ የነበሩ የሰሜን ሕዝቦችን፣ ከእነርሱም መካከል ሃይዳዎችን፣ ባለሥልጣናቱ ለይተው በማቆየት ፋንታ ሠፈራቸውን አቃጥለው በታንኳቸው ወደየአገራቸው እንዲመለሱ አስገደዷቸው፤ በሽታውም በየደረሱበት አብሯቸው ወረደ። በአሥር ሺህ የሚገመተው የሃይዳ ሕዝብ በቀጣዮቹ አሠርት ዓመታት ወደ 600 ገደማ አሽቆለቆለ። ብዙ መንደሮች ባዶ ሆኑና የተረፉት ማሴትና ስኪደጌት ላይ ተሰባሰቡ፤ ከተተዉት አንዱ በናደን ሃርበር አፍ ላይ የነበረው ኩንግ ነው። እንግዲህ የሎጁ ጀልባዎች በየማለዳው ወደ ማስገሪያው ሲወጡ የሚያልፉት በዚያ መንደር ፊት ነው።

በጁን 24 ክፍለ ግዛቱ ሦስተኛውን የመክፈቻ ምዕራፍ አወጀ፤ ሆቴሎችና ሎጆች በጥንቃቄ መመሪያ እንዲሠሩ፣ ሕዝቡም በክፍለ ግዛቱ ውስጥ እንዲዘዋወር ተፈቀደ። ሎጁም በጁላይ እንግዶቹን ማስገባት ጀመረ። ክርክሩ በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም፤ እንዲያውም በደንብ የታሰበበት ነበር። እንግዶቹ ከቫንኩቨር በተለየ በረራ ይመጣሉ፤ ማሴት ላይ ከአውሮፕላን ወደ ሄሊኮፕተር ይሸጋገራሉ እንጂ ከተማ አይገቡም፤ ከመንደር ሰው ጋር አይገናኙም፤ ቀናቸውን የሚያሳልፉት በባሕር ላይ ነው። መራቁ፣ ያ ዘወትር የሚሸጠው ዕቃ፣ አሁን የጤና ዋስትናም ሆኖ ቀረበ። መንግሥትም ክፈቱ ብሏል። የአንድ ወቅት ገቢ ለመጥፋት ጥቂት ሳምንታት የቀሩት ድርጅት ከዚህ የተለየ ውሳኔ ይወስዳል ብሎ መጠበቅ ለእኔ የዋህነት ይመስለኛል።

የሃይዳ ብሔር ፕሬዚዳንት ጋግዊስ ጄሰን ኦልሶፕ መልስ ግን ከዚያ ክርክር ጋር ፊት ለፊት የሚገጥም አልነበረም፤ ሎጁ የተከፈተው ያለ ይሁንታችን ነው የሚል ነበር። እዚህ ላይ ሁለቱ ወገኖች እየተከራከሩ ያሉት ስለ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆኑ ግልጽ ይሆናል። ሎጁ ‹‹አደጋ አለው ወይ?›› ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ይዟል። የተጠየቀው ግን ‹‹ማን ፈቀደልህ?›› ተብሎ ነው፤ ለዚህኛው የነበረው መልስ ቪክቶሪያ የሚል ብቻ ነበር። የሃይዳ ብሔር ራሱ በኩባንያው በኩል በዓሣ ማስገሪያ ሎጅ ንግድ ውስጥ የገባ መሆኑ ሲታወስ፣ ነገሩ ከዓሣ ማስገርም ሆነ ከእንግዳ ጥላቻ እንዳልነበር ይታያል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የመሩት ሴቶች ናቸው። ጋንድሊ ጉ ጃላንግ፣ በሃይዳ ቋንቋ የወንዞቹ ሴት ልጆች፣ በሚል ስም የተሰባሰቡ እናቶች በኩንግና ስካዋትስ በተባለ ሌላ ጥንታዊ መንደር ገብተው ሠፈሩ፤ የሃይዳን ሕግ እያስከበርን ነው አሉ። የሃይዳ ሕዝብ በቁራና በንስር ወገን የተከፈለ ሲሆን፣ ሰው ወገኑንና ጎሣውን የሚወርሰው በእናቱ በኩል ነው፤ የጎሣ አለቃ ሲሾምም የእናቶች ቃል ይሰማል። ስለዚህ የሴቶቹ እርምጃ እንደ ተራ ሰላማዊ ሰልፍ መታየት የለበትም፤ በራሳቸው ሥርዓት መሠረት ቃሉን ለመስጠት ሥልጣን ያላቸው ሰዎች በቦታው ተገኝተው የሰጡት ቃል ነበር። በባሕሩ ላይም የሃይዳ ጀልባዎች ወደ አስጋሪዎቹ እየቀረቡ ከውኃው እንዲወጡ ይነግሯቸው ጀመር፤ ሎጁ በበኩሉ የእንግዶቹ ደህንነት አደጋ ላይ ወድቋል ብሎ አቤት አለ። ትናንሽ ጀልባዎች በክፍት ባሕር ላይ ክር ዘርግተው ሳለ ሌላ ጀልባ ሲጠጋቸው አደጋ እንዳለው የሚካድ አይደለም፤ ደግነቱ ሕይወት ሳይጠፋ አለፈ።

ሕጉ ለማን ያደላ ነበር? አስገራሚው ነገር፣ በዚህ ረገድ ዋናውን የካናዳ ፍርድ ያስፈረዱት ሃይዳዎች ራሳቸው መሆናቸው ነው። በ2004 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደን ፈቃድ ዝውውር ላይ በተነሣ ክርክር፣ የባለቤትነት ጥያቄው ገና ያልተፈረደ ቢሆንም እንኳ፣ መንግሥት ነባሩን ሕዝብ የማማከርና እንደነገሩ ሁኔታም ፍላጎቱን የማስተናገድ ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። በዚያው ፍርድ ግን ግዴታው የመንግሥት እንጂ የግል ኩባንያ እንዳልሆነ ተነገረ። ይህ ሁለተኛው ክፍል ለናደን ሃርበር ጉዳይ ቁልፍ ነው፤ ሎጁን ሃይዳዎችን ለምን አላማከርክም ብሎ በፍርድ ቤት መርታት አስቸጋሪ ነበር። መጠየቅ የነበረበት ‹‹ክፈቱ›› ያለው ወገን ነው። ክፍለ ግዛቱ ከዚያ በጋ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 2019፣ የተባበሩት መንግሥታትን የነባር ሕዝቦች መብት መግለጫ በሕጉ ውስጥ ለመተግበር አዋጅ አውጥቶ ነበር፤ ከይሁንታ ጋር የተያያዙ ድንጋጌዎች ያሉት መግለጫ ነው። ሆኖም ሦስተኛው የመክፈቻ ምዕራፍ ለመላው ክፍለ ግዛት በአንድ መመሪያ ሲወጣ፣ ደሴቶቹን ዘግቻለሁ ያለ ሌላ መንግሥት መኖሩን የሚያስተናግድ ቦታ አልነበረውም። በእኔ ግምት የዚህ ጉዳይ ዋና ስህተት የተሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ሎጁና እናቶቹ ባሕር ላይ የተፋጠጡት ቪክቶሪያ ውስጥ መቋጨት የነበረበት ንግግር ስላልተቋጨ ነው።

ጉዳዩን የዘጋው ግን ከሁለቱም ክርክር ውጭ የሆነ ነገር ነው። በጁላይ 24 የአካባቢው ጤና ባለሥልጣን በሃይዳ ግዋይ ወረርሽኝ መነሣቱን አስታወቀ፤ ከደርዘን ጥቂት ከፍ ብለው የተጀመሩት ሕመምተኞች በስተመጨረሻ 26 ደረሱ። ሁሉም የደሴቶቹ ነዋሪዎች ነበሩ፤ መነሻውም ከደሴቶቹ ውጭ ተጉዘው የተመለሱ ነዋሪዎች እንደሆኑ ተነገረ። በሎጁ እንግዶች ተላላፊነት የተመዘገበ ነገር አልነበረም። ሆኖም በጁላይ 30 የክፍለ ግዛቱ የሕዝብ ደህንነት ሚኒስትር ማይክ ፋርንዎርዝ ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች አስፈላጊ ያልሆነ ጉዞ ወደ ሃይዳ ግዋይ እንዳይደረግ በአስቸኳይ ጊዜ ሕጉ መሠረት ትዕዛዝ አወጡ። የሎጁ ወቅት በዚሁ ተቋጨ። ወረርሽኙ በኦገስት መጨረሻ ማብቃቱ ተገለጸ፤ ያን ጊዜ የቀረው በጋም እምብዛም ነበር።

ይህን አፈጻጸም ሁለቱም ወገኖች የራሳቸውን ክርክር እንደሚያጠናክር አድርገው ሊያነቡት ይችላሉ፤ ያም የጉዳዩን ጠባይ ያሳያል። የሎጁ ወገን ‹‹የመራቅ ዕቅዳችን ሠርቷል፤ በሽታው በእኛ አልመጣም›› ሊል ይችላል፤ እውነት ነው። የሃይዳ ወገንም ‹‹በሽታው አንድ ጊዜ ከገባ በሳምንት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ያልነው ይኸው ታየ›› ሊል ይችላል፤ ይህም እውነት ነው። ትዕዛዙ ያረፈው ግን በሕመምተኛ ቁጥር ላይ ነው፤ ሃይዳዎች በማርች ያሉትን ክፍለ ግዛቱ በጁላይ መጨረሻ በራሱ ሥልጣንና በራሱ ምክንያት ደገመው። ደሴቶቹ ተዘጉ፤ የመዝጋት ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ግን በትዕዛዙ ውስጥ መልስ አላገኘም። ሃያ ስድስቱ ሰዎች ባይታመሙ ኖሮ የኦገስት ጀልባዎች በኩንግ ፊት ለፊት እያለፉ ይወጡ ነበር፤ እናቶቹም በዚያው ይጠብቋቸው ነበር።

በኤፕሪል 2024 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንግሥትና የሃይዳ ብሔር በተፈራረሙት ስምምነት ክፍለ ግዛቱ በመላው ሃይዳ ግዋይ የሃይዳን የነባር ሕዝብ ባለቤትነት እውቅና ሰጠ፤ በግል የተያዙ ይዞታዎች እንዳሉ እንዲቆዩም ተስማሙ። ድርድር በሁለት መንግሥታት መካከል መሆኑ በጽሑፍ የሰፈረ በመሆኑ፣ እንደ 2020 ያለ ሁኔታ ዳግም ቢመጣ ክፍለ ግዛቱ ለሃይዳ ግዋይ መክፈቻ ብቻውን ሊያውጅ መነሣቱ የሚታሰብ አይመስለኝም። ስምምነቱ የሚናገረው ግን ስለ የብሱ ነው። ሎጁ የቆመበት ዳርቻ፣ ሄሊኮፕተሩ የሚያርፍበት መሬትና የኩንግ መንደር ፍርስራሽ በዚያ ውስጥ ይታያሉ፤ ቺኑኩ የሚያልፍበትና ሃሊበቱ የተኛበት ውኃ ግን ከስምምነቱ ውጭ ቀርቷል። እንግዳው ዛሬም ከጀልባው ላይ ክሩን ሲለቅ በኪሱ የያዘው ፈቃድ ኦታዋ የሰጠው ነው።